ጨውና እንቅርት፤ ሲያንስም ሲበዛም



ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ በከብቱና በሩዙ የታወቀ ነው። ከጉና ተራራ የሚወርዱት ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ሲያጥለቀልቁት ለም ደለል ይተዉለታል። ነገር ግን ውሃ እንደሚሰጥ ሁሉ ይወስዳል። ዝናምና ጎርፍ ዘወትር በሚያጥቡት ምድር አዮዲን የተባለው ንጥረ ነገር ከአፈሩ ተጠርጎ ይሄዳል፤ በዚያ የበቀለው እህልም አዮዲን ያንሰዋል።

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረታችን በሽታው በአገራችን ምን ያህል የቆየ እንደ ሆነ ይመሰክራል። አባቶቻችን ጨው አላጡም ነበር። ከአፋር ምድር እየተጠረበ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋው ይወጣ የነበረው አሞሌ ለገበያ ገንዘብ እስከ መሆን ደርሷል። ሆኖም ይህ ጨው በአዮዲን ድሃ በመሆኑ ወጡን ቢያጣፍጥም ዕጢን አልመገበም።

በጉሮሮ ፊት ያለችው የታይሮይድ ዕጢ ከአዮዲን የምትሠራው ሆርሞን የልብን ምት፣ የሰውነትን ሙቀትና የሕፃንን አእምሮ ዕድገት ይመራል። አዮዲን ሲያንሳት ያለውን ለመሰብሰብ ስትታገል ታብጣለች፤ እንቅርት የሚባለውም ይኸው ነው።

አዮዲን የተገኘው እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1811 ሲሆን፣ ያገኘው ፈረንሳዊው ኩርቷ ነው። በ1820 የጄኔቫው ሐኪም ኩዋንዴ እንቅርትን በአዮዲን ማከም ጀመረ። ዳሩ ግን መድኃኒቱን ያለ ልክ ከወሰዱት መካከል ልባቸው የሚመታ፣ ሰውነታቸው የሚከሳ ታዩ። በ1948 ደግሞ ዎልፍና ቻይኮፍ የተባሉ ሊቃውንት ብዙ አዮዲን በተሰጣቸው አይጦች ዕጢዋ ሥራዋን ለጊዜው እንደምታቆም አሳዩ። ጤነኛ ዕጢ ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ መመለስ ያቃታት ግን ትደክማለች፣ ታብጣለችም። እንግዲህ እንቅርት ከማነስም ከመብዛትም ይመጣል።

በአገራችን በ1980 እና በ1981 በተደረገው ጥናት ከተመረመሩት ተማሪዎች ከመቶ 30 የሚበልጡት እንቅርት ነበረባቸው። አዮዲን የገባበት ጨው ይመጣ የነበረው ከኤርትራ ጠረፍ ነበርና፣ በ1998 ጦርነት ሲነሣ መንገዱ ተዘጋ። በምትኩ ከአፋር፣ ከአፍዴራ የመጣው ጨው አዮዲን አልነበረውም። በ2011 የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ቁጥር 204 ለምግብ የሚሆን ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲገባበት አዘዘ።

ነገር ግን ለረጅም ዘመን የተራበች ዕጢ በድንገት ስትጠግብ ከልክ በላይ ልትሠራ ትችላለች። በ1990ዎቹ በዚምባብዌ አዮዲን ያለው ጨው በተዳረሰ ጊዜ እንዲህ ያለው ሕመም በርክቶ ታይቷል። ስለዚህ ጓጓላ እንቅርት የቆየባቸው ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ልባቸው ቢፈጥን፣ እጃቸው ቢንቀጠቀጥ፣ እየበሉ ቢከሱ ፈጥነው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

ይህን ሰምቶ አዮዲን ያለውን ጨው የሚሸሽ ግን ይሳሳታል፤ እጦቱ በማኅፀን ያለውን ሕፃን አእምሮ ይጎዳልና። ለአዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም፣ ለነፍሰ ጡር 250 ይበቃል። ይህም እጅግ ጥቂት በመሆኑ አንድ ግራም አዮዲን ለአንድ አዋቂ 18 ዓመት ያህል ይበቃዋል።

እንግዲህ የወረታ ገበያተኛ አዮዲን ያለውን የታሸገ ጨው ይግዛ፤ አይጠበው፤ ፀሐይ ላይ አያስጣው፤ ከድኖ ያኑረው፤ ወጡም ሊወጣ ሲል ይጨምረው። አዮዲን ፍለጋ ጨው ማብዛት ወይም ያለ ሐኪም ትእዛዝ የአዮዲን መድኃኒት መዋጥ ግን አይገባም። አሞሌውም ለፎገራ ከብት ይቅረብ እንጂ ለልጆቻችን ድስት አይበቃም።