የመርሳት ሕመም ምርምርና የትምህርት ድርሻ

አንድ አረጋዊ የልጆቻቸውን ስም ሲያቀያይሩ ወይም የቤታቸው መንገድ ሲጠፋባቸው «ጃጁ» ብሎ ማለፍ የቆየ ልማድ ነው። እርጅና ያመጣው ነው ከተባለ ደግሞ ምክንያቱን የሚጠይቅ አይገኝም። የሕክምናው ዓለምም ቢሆን ከዚህ አስተሳሰብ ለመላቀቅ ረጅም ዘመን ፈጅቶበታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያን ጉዞ ባጭሩ መቃኘትና ትምህርት በውስጡ ያለውን ድርሻ ማመልከት ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1901 በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ አንዲት የ51 ዓመት ሴት የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባች። ስሟን እንኳ ጽፋ ለመጨረስ ትቸገር ነበር። በ1906 ስትሞት ሐኪሙ አሎይስ አልዛይመር አንጎሏን በማይክሮስኮፕ መርምሮ፣ በነርቭ ሕዋሳቱ መካከል ባዕድ ክምችት፣ በሕዋሳቱም ውስጥ የተወሳሰቡ ክሮች አገኘ። በ1910 ኤሚል ክሬፕሊን ሕመሙን በአልዛይመር ስም ሰየመው። ይሁን እንጂ በጎልማሶች ላይ ብቻ የሚደርስ ብርቅ ሕመም ተደርጎ ስለተቆጠረ፣ የአረጋውያን መርሳት የዕድሜ ጣጣ መባሉ ቀጠለ። ይህን እምነት ካናጉት መካከል በእንግሊዝ አገር በኒውካስል የተካሄደው ጥናት ይገኝበታል። በ1968 የወጣው ውጤት እንዳስረዳው፣ ያው ክምችት በአረጋውያኑም አንጎል ውስጥ ይገኛል፤ መጠኑም ከሕመሙ ክብደት ጋር ይዛመዳል።

ከዚህ በኋላ አንድ እንቆቅልሽ ተከሠተ። በ1988 ሮበርት ካትስማንና ባልደረቦቹ ከሞቱ በኋላ አንጎላቸው ከተመረመረ 137 አረጋውያን መካከል 10ሩ፣ ክምችቱ በአንጎላቸው እያለ በሕይወት ሳሉ አእምሯቸው የተሟላ እንደነበረ ገለጹ። አንጎል ጉዳትን የሚቋቋምበት «ስንቅ» አለው የሚለው አሳብ ከዚህ ተጠናከረ። በ1990 የወጣው የሻንጋይ ጥናትም ከ5,000 በላይ አረጋውያንን መርምሮ፣ ሕመሙ ትምህርት ቤት ባልገቡት ላይ እንደሚበረታ አመለከተ።

ለመምህራን ይበልጥ የሚቀርበው ግን በ1986 በአሜሪካ ዴቪድ ስኖውደን በ678 መነኮሳይያት ላይ የጀመረው ጥናት ነው። ከእነዚህ እናቶች ብዙዎቹ አስተማሪዎች ነበሩ። በ1996 የ93ቱ የወጣትነት የሕይወት ታሪክ ጽሑፍ ሲመረመር፣ ዓረፍተ ነገራቸው በአሳብ የዳበረው ከ60 ዓመት ገደማ በኋላ በመርሳት ሕመም የመያዛቸው ዕድል አነስተኛ ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ የተሻለ ምግብና ሕክምና ያገኛል፤ የመመርመሪያው ፈተናም ፊደል ለቆጠረ ይቀላል። ስለሆነም መማር ከሕመሙ ፈጽሞ ያድናል ማለት አይቻልም። ሆኖም በላንሴት መጽሔት የተሠየመው ኮሚሽን እነዚህንና ሌሎችን ጥናቶች መዝኖ፣ በልጅነት የትምህርት ማነስን ከአጋላጭ ምክንያቶች ተራ አስገብቶታል። በ2024 ባወጣው ዘገባም 14 ምክንያቶች፣ ከነዚህም የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ ማጨስ፣ የመስማት ችግር፣ የጭንቅላት ጉዳትና ብቸኝነት ቢወገዱ፣ ከሕመሙ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ገምቷል።

በሕክምናው በኩል በ1996 በአሜሪካ የተፈቀደው ዶኔፔዚል ምልክቶቹን ለጊዜው ያቃልላል። በ2023 ሌካኔማብ፣ በ2024 ዶናኔማብ ሙሉ ፈቃድ አግኝተው ገና በጅምሩ ላይ ያለውን የአልዛይመር ሕመም ጉዞ በመጠኑ ለማዘግየት በቅተዋል። ነገር ግን የአንጎል ማበጥና መድማት ሊያስከትሉ ስለሚችሉ የቅርብ ክትትል ይሻሉ፤ የጠፋውንም አይመልሱም።

እንግዲህ የትምህርትን ጥቅም ስናሰላ የምንቆጥረው የፈተና ውጤትንና የሥራ ዕድልን ብቻ ከሆነ ሒሳቡ ጎደሎ ነው። ዛሬ ከአራተኛ ክፍል እንዳታቋርጥ የተደረገች ልጅ፣ ጽሕፈትን ከመገልበጥ አልፋ የራሷን አሳብ በራሷ ዓረፍተ ነገር እንድትገልጽ የተለማመደች ተማሪ፣ ለእርጅናዋ ስንቅ እየተሰነቀላት ነው። ዕቅድ አውጪው ይህን ፍሬ በአምስት ዓመት ዘገባ ውስጥ አያገኘውም፤ መምህሩም ሲታጨድ ላያየው ይችላል። የሚዘራው ግን በመማሪያ ክፍል ውስጥ ነው።