የአፍዴራ አመድና የመዲና እሳት

ህዳር 14 ቀን 2018 በአፋር፣ ከኤርታሌ አጠገብ፣ ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ በየመንና በኦማን ሰማይ አልፎ ሕንድ ደረሰ።

አሶሳ ላይ ሆነን «ይህ ከእኛ ሩቅ ነው» እንል ይሆናል። ዐባይ ወደ ጉባ የሚያወርደው ደለል ግን ብዙው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ ፈልቶ የደጋውን ምድር ከሸፈነ ዐለት የመጣ ነው።

ትኩሱ አመድ ግን ሌላ ነው። የቀለጠው ዐለት ወደ ላይ ሲወጣ ጫናው ይቀልለታል፤ በውስጡ የታመቀው ጋዝ ተነፍቶ ዐለቱን ይበታትነዋል። ስለዚህ አመድ ይባል እንጂ የምድጃ አመድ አይደለም፤ የደቀቀ ድንጋይና መስተዋት ነው። በአፍዴራ መንደሮች ግጦሹን ሸፈነው። ሰው ቢተርፍም ከብቱ የሚበላውን ያጣ አርብቶ አደር ምን ተረፈው ይባላል?

በ654 ዓመተ ሒጅራ (1256) መዲና አጠገብም እንዲሁ ምድር ከተናወጠች በኋላ እሳት ወጣ። ደማስቆ የነበሩት አቡ ሻማ ከመዲና የተጻፉ ደብዳቤዎችን በታሪክ መጽሐፋቸው አስፍረዋል። ሕዝቡ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ተሰብስቦ አደረ፤ አሚሩም ባሮቹን ነጻ አወጣ፣ የሰዎችንም ገንዘብ መለሰ። የቀለጠው ዐለት ለሳምንታት ፈስሶ ከተማዋ ሳይደርስ ቆመ።