የሳንባ ሕግና የጠላቂው ሬጉሌተር፦ አጭር ታሪክ

ሰውን በውኃ ውስጥ እንዲተነፍስ ያስቻለው መሣሪያ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የመሐንዲሶች ታሪክ ሆኖ ይነገራል። ይሁን እንጂ ሬጉሌተር የሚባለው ይህ የአየር መጣኝ መሣሪያ ለሳንባ ሕግ የመገዛት ውጤት ነው። ስለሆነም ጥሩ ሬጉሌተር ለመምረጥ የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ የሕክምና ጥያቄ ነው።

እንደሚታወቀው በባሕር ውስጥ ግፊት በየ10 ሜትሩ በ1 አትሞስፌር ገደማ ይጨምራል። የደረት ጡንቻዎች አቅም ግን ውስን ነው፤ በ1 ሜትር ጥልቀት እንኳ ከወለል በላይ ያለውን አየር በቱቦ መሳብ እጅግ አዳጋች ነው። በመሆኑም ጠላቂው የሚስበው አየር በዙሪያው ካለው ውኃ ጋር እኩል ግፊት ሊኖረው፣ የሚቀርብለትም በሚስብበት ጊዜ ብቻ ሊሆን ይገባል።

በዚህ መርሕ ላይ የተመሠረተ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1838 በፈረንሳይ የፈጠራ መብት ያገኘው በሐኪሙ በማኑኤል ቴዎዶር ጊዮሜ ስም ነበር። በ1860 የማዕድን መሐንዲሱ ቤንዋ ሩኬሮል መርዛማ ጋዝ ወዳለበት ጉድጓድ ለሚገቡ ሰዎች ተመሳሳይ መሣሪያ ሠራ፤ በ1864 ከባሕር ኃይል መኮንኑ ከኦጉስት ዴኔሩዝ ጋር ለጠላቂዎች አዋለው። የዘመኑ ጋን በቂ አየር ስለማይዝ ግን ጠላቂው በአመዛኙ ከላይ አየር በሚገፋለት ፓምፕ ላይ ጥገኛ ሆኖ ቆየ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በነዳጅ እጥረት ምክንያት መኪናዎችን በጋዝ ለማንቀሳቀስ የተሠራውን ቫልቭ መሐንዲሱ ኤሚል ጋኛን ለዣክ ኢቭ ኩስቶ ለመጥለቂያ አሻሻለለት። በ1943 መጀመሪያ በማርን ወንዝ ሲሞከር ጠላቂው ቀጥ ሲል አየሩ በከንቱ ይፈስሳል፤ ሲዘቀዘቅ ደግሞ መተንፈስ ይከብደዋል። ምክንያቱ የአየር መውጫውና መግቢያው በተለያየ ከፍታ፣ ማለትም በተለያየ ግፊት ላይ መሆናቸው ነበር። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲደረጉ ችግሩ ተወገደ። ከዚህ የምንረዳው ሳንባ የጥቂት ሴንቲሜትር ውኃን ልዩነት እንኳ እንደሚለይ ነው።

ለምርጫም መሠረቱ ይኸው ነው። በ30 ሜትር ጥልቀት የአየር እፍጋት በወለል ካለው አራት እጥፍ ይሆናል። መሣሪያው ለመተንፈስ የሚከብድ ከሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ራስ ምታት፣ ድንጋጤ፣ በመጨረሻም ራስን መሳት ይከተላል። በውኃ ውስጥ ራስን መሳት ደግሞ መስጠም ነው። የአውሮፓ ደረጃ ኢ.ኤን. 250 በ50 ሜትር ጥልቀትና በደቂቃ 62.5 ሊትር ትንፈሳ የመተንፈስ ሥራው በሊትር ከ3 ጁል እንዳይበልጥ የሚያስገድደው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ገዢው ከዋጋና ከመልክ አስቀድሞ የዚህን ፍተሻ ማረጋገጫ ሊጠይቅ ይገባል። ቀጥሎም የጋኑ ግፊት ሲቀንስ አተነፋፈሱ የማይከብደውን ሚዛናዊ ዓይነት፣ ለቀዝቃዛ ውኃም ለዚሁ የተፈተነውን ይምረጥ። በአቅራቢያው ብቁ የጥገና ባለሙያ መኖሩንም ያረጋግጥ፤ ሳይታደስ የቆየ ሬጉሌተር የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን አያስተማምንምና።

ለምጥ ሕመም ማስታገሻ የናይትረስ ኦክሳይድና የኦክስጅን ቅልቅል የሚሰጥበት ቫልቭም በታካሚዋ ትንፋሽ የሚከፈት በመሆኑ፣ መርሑ ለጤና ባለሙያ እንግዳ አይደለም። በጥልቀት ውስጥ ራሱን ስቶ የወጣ ጠላቂ ሲቀርብልን ስለ ጥልቀቱና ስለ ቆይታው ብቻ ሳይሆን፣ መሣሪያው እንዴት ያስተነፍሰው እንደነበረም ልንጠይቅ ይገባናል።