ሞላ፣ ባሌስትራና የጎጃም መንገድ



ባለፈው ትምህርት ማብቂያ ላይ አንድ ተማሪ፣ «የስፖርት መኪናን ሞላ አሳጥሮ ዝቅ ማድረግ አነዳዱን ይጠቅመዋል ወይስ ይጎዳዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። ጓደኞቹ ሳቁ፤ እኔ ግን ጥያቄውን ይዤ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ተጓዝሁ።

በስሌት ረገድ ነገሩ እንዲህ ነው። መኪና ሲታጠፍ ጭነቱ ወደ ውጭኛው ጎማ ይሸጋገራል፤ የሚሸጋገረውም መጠን ከክብደት ማዕከሉ ከፍታ ጋር ይጨምራል። ማዕከሉ 50 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢሆንና በ3 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ፣ ትርፉ 6 በመቶ ነው። በአንጻሩ ሞላው የሚጨመቅበት ቦታ ይጠባል። ጉድጓድ ሲያጋጥም ሞላው ተጨምቆ ያልቅና ይደነግጣል፤ ያን ጊዜ ጎማው መሬቱን እንደሚገባ አይጨብጥም። እንግዲህ ፈራጁ መንገዱ ነው፤ መንገድ ደግሞ የእኛ የታሪክ ሰዎች ጉዳይ ነው።

በጥር 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከኦሜድላ ወደ በላያ ሲጓዙ ካሚዮኖቹ በቆላው ቁጥቋጦና ድንጋይ ክፉኛ ተቸገሩ። የዘመቻውን ስንቅና ጥይት በብዛት የተሸከሙት ግመሎች ነበሩ፤ እነርሱም አብዛኞቹ አለቁ። በየካቲት መጨረሻ ከቡሬ ምሽግ ወጥቶ በደምበጫ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ያፈገፈገው የጣሊያን ጦር ግን የመኪና መንገድ ነበረው። በአንድ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ፣ ሁለት ወር ባልሞላ ልዩነት፣ ሁለት ዓይነት መሬት! የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን የተቋቋመው ከዚያ በኋላ፣ በ1943 ዓ.ም. ነው።

ከዚህ የተነሣ የእኛ ሾፌር መኪናውን ዝቅ ሳይሆን ከፍ ማድረግን ለመደ። እህል የሚጭነው ባሌስትራ ይደርባል፤ የቤት መኪና ያለው ከሞላው ላይ ማስረዘሚያ ያስገባል። ይህን የድህነት ልማድ አድርገው የሚያዩ አሉ፤ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ1953 በተጀመረው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር ላይ የተሳተፉ ታላላቅ ፋብሪካዎችም መኪኖቻቸውን ለጠጠሩና ለጭቃው ብለው ከፍ ያደርጉ ነበር። ዛሬም የራሊ መኪና ለአስፋልት ዝቅ፣ ለጠጠር ከፍ ይላል።

ይሁን እንጂ ከፍታም ዕዳ አለበት። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ ከፍ የተደረገች መኪና በየመታጠፊያው ታጋድላለች። እዚያ ላይ ተማሪዬ ግማሽ እውነት አለው። ሞላን በመጋዝ ቆርጦ ማሳጠርን በተመለከተ ግን ምንም እውነት የለውም።

በፍኖተ ሰላም አቅራቢያ አንድ ብረት ሠሪ ዘንድ ጎራ ብዬ ነበር። የተሰበረ የጭነት መኪና ባሌስትራ አግሎ ማረሻ ያወጣል። «ሌላው ብረት ቶሎ ይታጠፋል፣ ጌታዬ» አለኝ፤ «ይኼ ግን መታጠፍም መመለስም ያውቃል።» ዋጋውን ጠየቅሁት፤ ገበሬው ግን ቀድሞኝ ከፍሎ ነበር።