ስም ጠርቶ ማልቀስ

እስቲ ጠጋ በሉ፤ የዋድላን ነገር ላውጋችሁ። ኮን የዋድላ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከጋሸና ወደ ደላንታ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ገብስ የሚዘራበት፣ ውርጭ የሚበረታበት ደጋ።

በ1965 እና በ1966 ረሃብ ወሎን ሲፈጀው፣ ወልድያን ከወረታ የሚያገናኘው የቻይና መንገድ ገና አልተሠራም። የላስታና የዋድላ ገበሬ ጎተራው ሲራቆት በሬውን ሸጠ፤ ያም ሲያልቅ ቤቱን ዘግቶ፣ ልጁን አዝሎ፣ ቁልቁል ወደ ወልድያ በእግሩ ወረደ። ትልቁ መንገድ ዳር የደረሰው ታየ። ገደሉ ላይ የቀረውንስ ማን ይየው?

ለማየት የተነሱም ነበሩ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን በ1965 ወሎ ወርደው ፎቶግራፍ አነሱ፤ ግቢያቸው ውስጥም አሳዩ። በጥቅምት 1966 ጋዜጠኛው ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ረሃቡ የሠራውን ፊልም ለብሪታንያ ሕዝብ አቀረበ፤ ያየው አዘነ፣ ኪሱንም ዳበሰ።

ዓመት ሊሞላው ሲል ያው ፊልም ሌላ ሥራ ተሰጠው። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ደርግ ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እያፈራረቀ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው፤ በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። የቤተ መንግሥቱ ዝምታ የሚያስጠይቅ ነው፤ አልክድም። ግን ልጇን ታቅፋ የተቀረጸችው እናት ያን ማታ ማን አዘነላት? አሥር ዓመት ቆይቶ ያው ደርግ የአብዮቱን በዓል ሲደግስ ወሎ ዳግም ይራብ ነበር። የመሐመድ አሚን ካሜራ ኮረም ላይ ያነሳውን ዓለም ያየው ከበዓሉ በኋላ፣ በጥቅምት 1977 ነው።

ካሜራውን አልወቅስም፤ ብዙ ነፍስ አትርፏል። ወሎ ውስጥ ሰው ሲሞት ግን ቅሬው፣ ማለትም የመንደሩ እድር፣ ይሰበሰባል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ይመጣሉ። አልቃሿ ሟቹን በስሙ ትጠራዋለች፤ የማን ልጅ እንደሆነ፣ እንግዳ እንዴት ይቀበል እንደነበር፣ የሚያርስበት በሬ እንኳ ሳይቀር ይነሳል። የመጣው ሁሉ ሐዘንተኛዋ አጠገብ ይቀመጣል፤ ቶሎ አይነሳም። ወደ ወልድያ ሲወርዱ የወደቁት ይህን አላገኙም። ፊልሙም ቢሆን ፊታቸውን እንጂ ስማቸውን አልያዘም።

ኮን የምትወጡ ካላችሁ አዛውንቶቹን ፈልጉ። ስለ ስልሳ አምስቱም ሆነ ስለ ሰባ ሰባቱ ረሃብ ስታነሱ ስንት ሰው አለቀ አትበሏቸው። እነማን ነበሩ ብላችሁ ጠይቁ፤ ቡናው በረካ እስኪደርስም ተቀምጣችሁ አድምጧቸው።