የዓሣ ዕንቁላል፦ ብዛትና ጥራት በሐዋሳ ሐይቅ

ዓሣ በአንድ ጊዜ እልፍ ዕንቁላል ስለሚጥል ዘሩ አያልቅም የሚለው እምነት በብዙ አገር ለረጅም ዘመን ጸንቶ ኖሯል። የዓሣ እርባታ ታሪክ ሲመረመር ግን የርቢውን ውጤት ከብዛቱ ይልቅ የዕንቁላሉ ጥራት እንደሚወስን ይታያል።

ለዚህ አስረጅ የሚሆኑ ሁለት ዓሦች በሐዋሳ ሐይቅ ይገኛሉ። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,680 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚገኝና 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ሲሆን፣ ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ቆሮሶ የምትጥለው ዕንቁላል ከሁለት ሺህ ብዙም የማይበልጥ ቢሆንም፣ ጫጩቶቿ ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ በአፏ ይዛ ትጠብቃለች። አምባዛ በአንጻሩ በክረምት ወደ ዳርቻው ወጥታ በአስር ሺህ የሚቆጠር ዕንቁላል በሣሩ ላይ ትበትንና ትታው ትሄዳለች።

የሰው ልጅ ዕንቁላልን በእጁ ማዳቀል የተማረው ቀስ በቀስ ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት ጀርመናዊው ያኮቢ የትራውት ዕንቁላልና የወንዴ ዘር ውኃ ውስጥ ቀላቅሎ ጫጩት አስፈለፈለ። እ.ኤ.አ. በ1856 ሩሲያዊው ቭራስኪ ሁለቱ ሳይርሱ ተቀላቅለው ውኃው በኋላ ቢጨመር የሚዳቀለው ዕንቁላል እጅግ እንደሚበዛ አሳየ። ምክንያቱም የወንዴው ዘር ውኃ ከነካው በኋላ የሚንቀሳቀሰው ለአጭር ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ የዕንቁላሉም ቀዳዳ ወዲያው ይዘጋል። ዛሬም አምባዛ የሚዳቀለው በዚሁ ዘዴ ነው።

ሁለተኛው እርምጃ በኩሬ ውስጥ አልጥል ያለችውን ዓሣ ማስጣል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በብራዚል ፎን ኢሄሪንግ፣ በ1957 ደግሞ በሕንድ ሂራላል ቻውዱሪ ከሌላ ዓሣ አንጎል ሥር የተወሰደ የፒቱታሪ ዕጢ ጭማቂ በመርፌ በመስጠት ተሳካላቸው። ይሁን እንጂ መርፌው የተዘጋጀውን ዕንቁላል ያበስላል እንጂ አዲስ አይፈጥርም። ጫጩቱ አፉን ከፍቶ እስኪመገብ የሚኖርበት አስኳል የሚከማቸው እናቲቱ ቀደም ብላ ከበላችው ምግብ ነው። የበሰለው ዕንቁላልም በሆዷ ውስጥ ጥቂት ሰዓት ከዘገየ ይበላሻል።

በኢትዮጵያ የሰበታ የዓሣ ምርምር ማዕከል በ1969 ዓ.ም. ተቋቁሞ ጫጩት ለኩሬዎችና ለግድቦች ማከፋፈል ያዘ። በዚያው ዘመን የተከፈተው የአዋሳ እርሻ ኮሌጅ ዛሬ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ደመቀ አድማሱ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ የሐዋሳ ቆሮሶ ዓመቱን ሙሉ ቢራባም ርቢው የሚበረታው በሁለት ወቅት፣ በበጋና በክረምት መሆኑን ገልጸዋል። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ወጣ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው ለኩሬ ባለቤት ነው። ቆሮሶ በጠባብ ኩሬ ውስጥ ገና በትንሽነቷ መራባት ስለምትጀምር፣ ኩሬው ለገበያ በማይበቃ ደቃቃ ዓሣ ይሞላል። ስለዚህ እናት ዓሦችን መምረጥ፣ ለብቻ አኑሮ በሚገባ መመገብ፣ ዕንቁላሉንም ሙቀቱ በማይዋዥቅና አየር ባልጎደለው ወራጅ ውኃ ማስፈልፈል ያስፈልጋል። ሁለተኛው ለሐይቁ ነው። በርቢ ወቅት በወንፊተ ጠባብ መረብ የተያዘች ቆሮሶ በአፏ ያለውን ትውልድ ይዛ ትጠፋለች፤ የዳርቻው ሣር ሲታረስም የአምባዛ መፈልፈያ አብሮ ይታረሳል። በአሞራ ገደል ገበያ ነገ የሚቀርበው ዓሣ ዛሬ በዚያ ዳርቻ የሚፈለፈለው ነው። ሐይቁ ይህን ሥራ ያለ ደመወዝ ሲሠራ ኖሯል፤ ከተበላሸ በኋላ ግን በሰው እጅ ለመተካት ብዙ ገንዘብና ብዙ ዘመን ይጠይቃል።