የቴብል ተራራ ዲሳ፦ ከጅረት ዳር ወደ ሸክላ ማሰሮ

ኦርኪድ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በሞቃት ደን ውስጥ ከዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የተጣበቀ አበባ ነው። ይሁን እንጂ ከአህጉራችን ኦርኪዶች እጅግ ብዙዎቹ ሥራቸውን በምድር ውስጥ ሰደው ከሣር መካከል የሚበቅሉ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ዲሳ የተባለውን ወገን የመረጥነው፥ በቤት ውስጥ የማሳደጉ ታሪክ ከአትክልተኛነት ይልቅ የውሃና የሙቀት ጉዳይ በመሆኑ ለሙያችን ቅርብ ስለሆነ ነው።

ዲሳ ዩኒፍሎራን በ1767 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ የገለጠው ስዊድናዊው ፔተር ዮናስ ቤርጊዩስ ነበር። ዩኒፍሎራ ማለት ባለ አንድ አበባ ማለት ነው፤ ተክሉ ግን በአንድ ዘንግ ላይ ሁለትና ሦስት አበባ ሊያወጣ ስለሚችል ስሙ ከመነሻው አሳሳች ነው። ይህ ቀይ አበባ በደቡብ አፍሪካ በቴብል ተራራና በአካባቢው ተራሮች፥ በጅረትና በፏፏቴ ዳር ይበቅላል። ሥሩን ዘወትር የሚያጥበው ውሃ ቀዝቃዛ፥ አሲድነት ያለውና ማዕድኑ እጅግ ያነሰ ነው።

እንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ ጆን ሊንድሊ በ1830 እ.ኤ.አ. ለኦርኪዶች ከፍተኛ ሙቀትና እርጥበት እንደሚያስፈልግ አስተማረ። ከዚህም የተነሣ የመስታወት ቤቶች በማሞቂያ ተግለው፥ መስኮታቸው ተዘግቶ ይያዙ ጀመር፤ ከቀዝቃዛ ደጋ የመጡ ኦርኪዶችም በብዛት አለቁ። ለዲሳ እንዲህ ያለ አያያዝ ሞት ነው። አፍሪካዊ ነውና ሙቀት ይሻል ማለት ካርታ ማንበብ እንጂ ጅረቱን መንካት አይደለም። በቀዝቃዛ ቤት የማሳደጉ ብልኃት ከተገኘ በኋላ የቬይች ችግኝ ነጋዴዎች በ1891 እ.ኤ.አ. ዲሳ ቬይቺ የተባለውን ድቃይ አበቀሉ፤ በ1893 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኪው ዕፅዋት ማእከል ስም የተሰጠው ዲሳ ኪዌንሲስ ተከተለ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ የሥነ ፈለክ ሊቅም ይገኛል። ጆን ኸርሸል ከ1834 እስከ 1838 እ.ኤ.አ. በኬፕ ታውን አጠገብ ተቀምጦ የደቡቡን ሰማይ ሲመረምር፥ በቤቱ የአትክልት ስፍራ የአገሩን አበቦች ያሳድግ ነበር፤ እርሱ በመሣሪያ የነደፋቸውን ሥዕሎች ባለቤቱ ማርጋሬት ቀለም ትቀባቸው ነበር። ሊንድሊ በ1838 እ.ኤ.አ. አንድን ሰማያዊ ኦርኪድ ከነወገኑ በኸርሸል ስም ጠራው፤ ይኸው ወገን ዛሬ በዲሳ ውስጥ ይቆጠራል።

ሰማያዊው ከቀዩ የሚለየው በቀለም ብቻ አይደለም። ቀዩ ዘሩ ለኦርኪድ ትልቅ የሚባል ሲሆን፥ በውሃ ተንሳፎ ይጓዛል፤ ስፋግነም በተባለው የረግረግ ለስላሳ ዕፅ ላይ ቢዘሩትም ያለ ረዳት ይበቅላል። ሰማያዊው ግን ከፈንገስ ጋር የተቆራኘ በመሆኑ በማሰሮ ውስጥ ማቆየቱ እጅግ አስቸጋሪ ነው። የኦርኪድ ዘር ለመብቀል ፈንገስ እንደሚሻ ፈረንሳዊው ኖኤል በርናር በ1899 እ.ኤ.አ. ተረዳ። አሜሪካዊው ሉዊስ ክነድሰን በ1922 እ.ኤ.አ. ስኳር ባለበት ምግብ ላይ ያለ ፈንገስ ማብቀል እንደሚቻል አሳየ። ሆኖም ችግኙን ከጠርሙስ አውጥቶ ከአፈር ማላመዱ ሌላ ፈተና ነው።

ቀዩን ዲሳ በቤቱ ለሚይዝ ሰው የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ ሻካራ አሸዋና ስፋግነም፥ ማሰሮውን የሚያስቀምጥበት ጥልቀት የሌለው ሣህን፥ ንጹሕ የዝናብ ውሃ። ማዳበሪያ በጣም ቀጥኖ ካልሆነ ሥሩን ያቃጥላል። ከሁሉ የሚበልጠው የሥሩ ቅዝቃዜ ነው፤ በፀሐይ የጋለ ማሰሮ ተክሉን ይገድለዋል።

ይህ ደንብ ለእኛ አገር ዲሳዎች እንዳለ አይሠራም። ዲሳ ስኩተሊፈራና ዲሳ ፑልኬላ በኢትዮጵያ ደጋ ይገኛሉ፤ ክረምት ጠብቀው ይወጣሉ፥ በበጋ ቅጠላቸው ደርቆ ድንች መሰሉ ሥራቸው ያርፋል። ላረፈ ሥር ውሃ ማጠጣት ማበስበስ ነው። ከሜዳ ተቆፍሮ የመጣ ሥርም ፈንገሱን ትቶ ስለሚመጣ ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ክረምት አብቦ ይጠፋል። ስለሆነም የሚሻለው ዘር ነው፤ ተክሉን ከአገር ወደ አገር ለማሻገር ግን ኦርኪዶች ሁሉ በ1973 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የብርቅዬ ዝርያዎች ንግድ ስምምነት ሥር ስለሚገኙ አስቀድሞ ስለ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል።